ቅምቅማት

ጢጣ መብራት ሄደ።
ማይክሮስኮፑ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጉሙ ከጦሳ ወረደ።
ፎቶዎቼን በካኪ ፖስታ ከደረቴ አስጠግቼ ይዤ፣
በባጃጅ ሰኞ ገበያ ደረስሁ፣ በካፊያ ርሼ ደንዝዤ።

አባቴ ይመር፣ ልብስ ሰፊው፣
ሲንጀሩን በእግሩ ይረግጣል፤
መብራት ቢሄድ ቢመጣ ምን ገዶት።
«ምንድን ናቸው ጦይባ?» አለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
«የአውሬ ክሮሞዞም።»
«ክር?»
ሳቅሁበት። ኋላ ሳስበው ግን
ክርም አይደሉ፣
አካል የሚሰፋው በነሱ አይደል እንዴ።

ነገርሁት፦ ከባሕር ማዶ
ሆዳቸው ላይ ኪስ ያላቸው አሉ፣
ጥሬ ልጃቸውን እዚያ ከተው የሚያበስሉ።
ፔዳሉን አቆመ። «ኪሱን ማን ሰፋላቸው?»
«እሱን ነው የምንፈልገው» አልሁት።

ጉድጓድ ቆፋሪው ዎምባት አሥራ አራት አለው፤ ሰባት ጥንድ።
ከሌላ አህጉር፣ ሌሊት ዛፍ ለዛፍ የምትሄደው ኦፖሰም
ሃያ ሁለት።
አንዲት ዋላቢ ደግሞ አለች፣
ሴቷ አሥር፣ ወንዱ አሥራ አንድ፤
መጀመሪያ ሳነበው ቆጣሪው ሰክሯል ብዬ ነበር።
ማንም አልሰከረም።

መቀሱን ሰጠኝ፤ ትልቁን፣ ለካፖርት ብቻ የሚያወጣውን።
በሳሙና በተሠመረ ግራጫ ሱፍ ላይ፣ በስልኬ መብራት፣
ትል ትል የሚመስሉትን አንድ በአንድ ቆርጬ ደረደርሁ፣
ረጅም ከረጅም፣ አጭር ካጭር።
እሱ ርዝመታቸውን አላየም። ጥለታቸውን አየ፤
ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀጭን ጥቁር፣ ሰፊ ነጭ።
«ባለ መስመር ጨርቅ ስትሰፊ» አለ፣
«መስመሩ ካልገጠመ፣ ደንበኛው ባያውቅ ጨርቁ ያውቃል።»
ከኦፖሰሟ ሁለት ቁራጭ አንስቶ ጫፍ ለጫፍ አስጠጋ፣
ከዎምባቱ አንድ ረጅም ከሥራቸው አስተኛ።
ገጠመ።
ሌላ ሞከረ። እምቢ አለ።
ገለበጠው። ገጠመ።
«ይሄኛው እንደ አሮጌ ኮት ተገልብጦ ነው የተሰፋ።»
እኔ ይህን ለመማር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«እሺ አባ፣ የቱ ይቀድማል?
አሥራ አራቱ ተቆርጦ ነው ሃያ ሁለት የሆነ፣
ወይስ ሃያ ሁለቱ ተጣጥፎ አሥራ አራት?»
«ቅምቅማቱን እያ!
ጨርቅ እንዳይተረተር ጫፉ ይቀመቀማል።
መሀሉ ላይ ቅምቅማት ካገኘሽ፣
ያ መሀል አንድ ቀን ጫፍ ነበር።»
እንዲሁ ብለው ነበር ሊቃውንቱም።
የጫፉን ምልክት መሀል ላይ ሲያበራ አይተው፣ ተገጣጥሟል አሉ።
ኋላ ሌሎች ደግመው ቢያዩት፣
አንዳንዱ ስፌት፣ ስፌት አልነበረም።
ይህንን ብነግረው ተንከተከተ።
«እኔስ፣ ባልተቆረጠ ጨርቅ ላይ
ለጌጥ ብዬ ስንቴ ስፌት አሳልፌያለሁ!»

ሰባት ጥንድ ያልሁ ጊዜ ነው መሰለኝ
ከንፈሩ መንቀሳቀስ የጀመረው።
ልጁን ሊድር እንደተጠየቀ ሰው ቤት ይቆጥራል፦
ይመር ፈንታው፣ ፈንታው አራጋው፣ አራጋው እንድሪስ፣
እንድሪስ ወልደጊዮርጊስ፣ ወልደጊዮርጊስ አሊ፣
አሊ…
ሰባተኛው ጠፋው።
እኔ ጣቴን እንድሪስና ወልደጊዮርጊስ መሀል ላይ አደረግሁ፣
«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»
«ምን ይሆናል፤ አባት ልጁን ወለደ።»

መብራት መጣ። ብቆጥር አንዷ የለችም፤
የመጨረሻዋ፣ የወንዱ፣ ነጥብ የምታህለው፣
ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የምትሄደው።
ቁርጥራጩን በተንሁ፣ ከፔዳሉ ሥር ተንበረከክሁ።
አሁን የቆጠራቸው ሁሉ፣ እስከጠፋው ድረስ፣
እንዲህ ባለች ነጥብ ተያይዘው ነው የመጡ።
እኔ የለችኝም። እሱ ወንድ አልወለደም።

ክር ሊያሾል ጣቱን ወደ ምላሱ ሲያነሳ
አየኋት፣ አውራ ጣቱ ላይ ተለጥፋ።
«ያቻትና!»
ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አያት፣ አገላበጣት።
«ለዚህች ነው እንዴ?» አለና
ከቦታዋ ላይ አኖራት።